ባለ ሦስት ኪስ ካርድ ሲታጠፍ ለምን ይሰነጠቃል?

ጥያቄ፦ «እናቴ ለረጅም ዓመታት ካስተማረችበት ትምህርት ቤት ጡረታ ልትወጣ ነው። ሦስት ልጆች ነን፤ እኅቴ የምትኖረው አሜሪካ ነው። የእያንዳንዳችን ደብዳቤ በየራሱ ኪስ የሚገባበት ካርድ በእጄ ልሠራላት ብዬ፣ እሽጉ 250 ግራም በሚል ኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ ሞከርሁ። የታችኛውን ጫፍ ወደ ላይ አጥፌ ኪስ አደረግሁት፤ ከዚያ በቁሙ ለሦስት፣ እንደ አኮርዲዮን አጠፍሁት። የታችኛው እጥፋት አምሮ ወጣ፤ የቁሞቹ ግን ተሰነጣጠቁ፣ ኪሱም እዚያው ላይ አበጠ። በኮላ ያጣበቅሁት ተሸበሸበ። የሦስተኛው ኪስ ወረቀት ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ ወድቆ ተገኘ። የማጠፊያ መሣሪያ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?»

ምላሽ፦

ይቅርብኝ አይበሉ፤ መሣሪያም አይግዙ። ጥያቄዎን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ የታችኛው እጥፋት አማረ፣ የቁሞቹ ተሰነጣጠቁ። ያው እጅ፣ ያው ወረቀት፣ ያው ቀን። እጅዎ ቢሆን ኖሮ ጥፋተኛው ሁሉም ይበላሽ ነበር። እኔ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ፤ ካርድና የሠርግ መጥሪያ ደግሞ ሥራ ሲቀዘቅዝ እሠራለሁ። «ወረቀቱ አስቸገረኝ» ተብሎ ከሚመጣልኝ ሥራ አብዛኛው በሽታው ይኸው ነው፦ ወረቀት አቅጣጫ እንዳለው አለማወቅ።

ፋብሪካ ውስጥ ወረቀት የሚሠራው በውኃ የተበጠበጠ ቃጫ በሚሮጥ ወንፊት ላይ እየፈሰሰ ነው። ወንዝ ላይ የተጣለ ገለባ በፍሰቱ አቅጣጫ እንደሚሰለፍ፣ አብዛኛው ቃጫም ወንፊቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ተኝቶ ይደርቃል። እንጨት ፈልጠው የሚያውቁ ከሆነ ነገሩ አዲስ አይሆንብዎትም። ከቃጫው ጋር ትይዩ ሆኖ የሚታጠፍ ወረቀት ቃጫዎቹ ጎንና ጎን ስለሚላቀቁ ለስላሳ እጥፋት ይሰጣል። ቃጫውን አቋርጦ የሚታጠፍ ግን እያንዳንዱን ቃጫ ወገቡ ላይ መስበር አለበት። በስሱ ወረቀት ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። በ250 ግራም ወረቀት፣ ያውም ተደርቦ፣ ጥርስ ያወጣል።

በገበያ ያለው ኤ4 ወረቀት ስፋቱ 210 በ297 ሚሊሜትር ሲሆን ቃጫው አብዛኛውን ጊዜ የሚተኛው በረጅሙ ጎን፣ በ297ቱ አቅጣጫ ነው። የእርስዎ የታችኛው እጥፋት በዚያው በ297 ጎን የሚሄድ ስለሆነ ከቃጫው ጋር ተስማማ። የቁሞቹ በ210 ጎን ስለሚሄዱ ቃጫውን አቋረጡት። እንግዲህ አስቡት፤ የታችኛው እጥፋት አንድ ጊዜ ይታጠፍና በሙጫ ታስሮ ይቀራል። የቁሞቹን ግን እናትዎ ካርዱን ባነሡ ቁጥር ይከፍቷቸዋል፣ ይዘጓቸዋል። ወረቀቱ መልካም ጠባዩን የሰጠው ለማይለፋው እጥፋት ነው። መደረግ ያለበት ግልባጩ ነው፤ ቃጫው በቁም እጥፋቶቹ አቅጣጫ ይተኛ፣ የታችኛው ይቻለው።

አቅጣጫውን ለማወቅ ከወረቀቱ ሁለት ቁራጮች ይውሰዱ፤ ሁለቱም 1 ሴንቲሜትር ወርድ፣ 15 ሴንቲሜትር ርዝመት ይኑራቸው፤ አንዱ በረጅሙ ጎን፣ ሌላው በአጭሩ ጎን የተቆረጠ ይሁን። ደርበው አንድ ጫፋቸውን በጣትዎ ይያዙና አግድም ዘርጓቸው። አንዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሌላው ደክሞት ይዘነበላል። ቀጥ ያለው ቃጫው በርዝመቱ የተኛ ነው። ሳይለያዩ ተደርበው ከቀሩ ቀጥ የሚለው ከታች ሆኖ ሌላውን ደግፎታል ማለት ነውና ገልብጠው ደግመው ይዩት፤ ሁለቱ የሚለያዩት ደካማው ከታች ሲሆን ብቻ ነው።

ይህን ሙከራ ንቄ አንድ ክረምት ላይ ተቀጥቻለሁ። አርባ የሠርግ መጥሪያ ባለ ኪስ አድርጌ ጨርሼ፣ ማታ ቀጥ ብለው የተኙትን ጠዋት ስመለከታቸው ሁሉም አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል። ቃጫ እርጥበት ሲነካው በውፍረቱ ያብጣል፣ በርዝመቱ ግን እምብዛም አይለጠጥም፤ ስለዚህ በነሐሴ አየር ወረቀቱ ቃጫውን ተከትሎ ይጠቀለላል። የቁም እጥፋቴ ከቃጫው ጋር ባለመሆኑ ካርዶቹ እጥፋቱን ትተው በራሳቸው መንገድ ሄዱ። ሙሽራው አልተቆጣም፤ እናቱ ግን እስካሁን መንገድ ላይ ስታገኘኝ ታነሣብኛለች።

ስለዚህ ከጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ 70 በ100 ሴንቲሜትር የሆነ ትልቅ ሉህ ይግዙ፤ ክብደቱ በካሬ ሜትር 160 ግራም ይሁን። 250ው ለሽፋን እንጂ ለኪስ አይሆንም። እንደ ነገሩ ስንቆጥር ካርድዎ ሲዘጋ ከታች በኩል ስድስት ድርብ ወረቀት አለው፣ ደብዳቤዎቹ ሲጨመሩ ዘጠኝ ይሆናል፤ በ160 ግራም ወረቀት ይህ ወደ 2 ሚሊሜትር ይጠጋል፣ በ250 ግን ወደ 3 ይሄድና ካርዱ አልዘጋም ይላል። ቤትዎ ክብደቱ ያልተጻፈበት ኤ4 ወረቀት ካለ በወጥ ቤት ሚዛን ማወቅ ይቻላል። ከአንድ ካሬ ሜትር 16 ኤ4 ስለሚወጣ፣ የ160 ግራም ወረቀት አንዱ ሉህ 10 ግራም ይመዝናል፤ አሥር ሉህ ሚዛን ላይ አድርገው 100 ግራም ካመጣ የሚፈልጉት እሱ ነው። ከትልቁ ሉህ 297 በ210 ሲቆርጡ የ210ው ጎን በቃጫው አቅጣጫ እንዲሆን አድርገው ይቁረጡ። ትልቅ ሉህ ካጡ በኤ4ውም መሥራት ይቻላል፤ 160 ግራም ይሁን፣ ከታች የምነግርዎትን ማሰርጎድ ደግሞ አጥብቀው ይያዙ።

አሁን ወደ ወደቀው ደብዳቤ። እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ነገር በእኛ አገር ስም አለው፤ ሰንሱል ይባላል። ረጅም ብራና ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ፣ ሥዕል ተሥሎበት፣ ሲዘረጋ እንደ ሰንሰለት የሚሆነው ማለት ነው። መልኩን እወደዋለሁ። ለሦስት ኪስ ግን አይሆንም፦ ባለ ሦስት ገጽ ሰንሱል ሲዘጋ የመጀመሪያውና የሁለተኛው ገጽ ኪሶች ፊት ለፊት ይገጥማሉ፣ ሦስተኛው ግን ወደ ውጭ ይወጣል። አንድ ኪስዎ ደጅ አድሯል ማለት ነው፤ ደብዳቤው ቦርሳ ውስጥ ቢወድቅ አይገርምም። መፍትሔው ሁለቱንም እጥፋት ወደ ውስጥ ማድረግ ነው። መጀመሪያ ቀኙ ገጽ ወደ መካከለኛው ይታጠፋል፣ ከዚያ ግራው እንደ መጽሐፍ ሽፋን በላዩ ይዘጋል። ሦስቱም ኪሶች ውስጥ ይቀራሉ።

ነገር ግን ለሦስት እኩል ከፍለው 99፣ 99፣ 99 ካደረጉት አይዘጋልዎትም። ውስጥ የሚገባው ገጽ ጠበብ ማለት አለበት፤ ግራው እጥፋት ደግሞ ሌሎቹን ሁሉ አቅፎ ስለሚዘጋ እንደ መጽሐፍ ጀርባ ትንሽ ስፋት ይፈልጋል። የእኔ ልክ ይህ ነው፦ ሽፋኑ 99፣ ጀርባው 2፣ መካከለኛው 99፣ ውስጥ ገቢው 97 ሚሊሜትር። ሲደመር 297። ከታች ወደ ላይ የሚታጠፈው የኪስ ክፍል 60 ሚሊሜትር ይሁን፤ ከ210ው የሚተርፈው 150 የካርዱ ቁመት ይሆናል። ሲዘጋ 99 በ150 የሚሆን ካርድ ሲ6 በሚባለው፣ 114 በ162 በሆነው ፖስታ ውስጥ ሳይጨናነቅ ይገባል።

መስመሮቹን ከወረቀቱ ጀርባ፣ ማለትም ካርዱ ሲዘጋ ውጭ ከሚታየው ገጽ ያስምሩ። ምክንያቱን ልንገርዎት። መስመር በደነዘዘ ነገር ሲሰረጎድ ከበስተኋላው ትንሽ ጉብታ ያወጣል፤ ያ ጉብታ በእጥፋቱ ውስጥ መቅረት አለበት። ብዙ ሰው እንደ ቦይ የጎደጎደውን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ለዓይን ትክክል ይመስላል፣ ወረቀቱን ግን ከውጭ ያለ ልክ ይወጥረዋል። ከጀርባ ሲለኩ ታዲያ ግራና ቀኝ እንደሚገለበጥ አይርሱ። ወረቀቱን ገልብጠው አስቀምጠው፣ የሚታጠፈው የኪስ ክፍል ወደ እርስዎ ሆኖ፣ ከቀኝ ጠርዝ ጀምረው 99፣ 101 እና 200 ላይ የቁም መስመር፣ ከታች ጠርዝ ደግሞ 60 ላይ አንድ አግድም መስመር። በቃ አራት መስመር ነው።

ለማሰርጎድ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶና የብረት ማስመሪያ ይበቃል። ብራና የሚጽፉ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ያለ ቀለም፣ በወስፌ ብቻ መስመር እያሰረጎዱ ነው ገጹን የሚያዘጋጁት፤ ወስፌ ቤትዎ ካለ ግን ጫፉን ለዚህ አይጠቀሙበት፣ ወረቀት ይበሳል። ከሥሩ አንድ ጋዜጣ አጥፈው ያንጥፉ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ መስመሩ አይሰምጥም። አንድ ጊዜ ከባድ አድርገው አይጫኑ፤ ሦስት ጊዜ ቀለል አድርገው ይመላለሱበት። ሲያጥፉ በጥፍር አይፋጩት፣ ወረቀቱን ያብለጨልጨዋል። እኔ ከአንድ አዛውንት ጠራዥ የተማርሁት በቀንድ ማንኪያ እጀታ መጫን ነው፤ ሰላሳ ብርም አላወጣሁበት፣ እናቴ ቤት ካለ ቁም ሣጥን ነው ያነሣሁት። መካከሉ ላይ ይነሡና ወደ ሁለቱ ጫፎች ይሂዱ።

ከማጠፍዎ በፊት ግን ሁለት ነገር በምላጭ ይቆረጣል፤ እብጠቱን የሚያድነው ይህ ነው። ኪሱ ያበጠው ሁለት ወረቀት ተደርቦ ሲታጠፍ የውስጡ አጭር መንገድ፣ የውጭው ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ነው። ትርፍ የሆነው የውስጡ ወረቀት የት ይሂድ? ይሸበሸባል። ስለዚህ በእጥፋቶቹ ላይ የኪሱን ወረቀት ጨርሶ ማንሣት ነው። በዚያው በኪስ ክፍል ላይ ብቻ፣ ከታችኛው ጠርዝ እስከ አግድሙ መስመር፣ ከቀኝ ከ98 እስከ 102 ያለውን፣ ከዚያም ከ198.5 እስከ 201.5 ያለውን ቀጭን ቁራጭ ያውጡ። አንዱ ረጅም ኪስ ለሦስት የተለያዩ ኪሶች ይከፈላል፣ እጥፋቶቹ ላይ አንድ ድርብ ብቻ ይቀራል። መቀስ እዚህ አይሞከርም፤ አዲስ ምላጭና ማስመሪያ።

ወረቀቱ ገና ተዘርግቶ ሳለ፣ በእያንዳንዱ ኪስ አፍ መካከል የአንድ ብር ሳንቲም ግማሹን ጠርዙ ላይ አድርገው በእርሳስ ይዙሩበትና ያንን ግማሽ ጨረቃ ይቁረጡ። አውራ ጣት መግቢያ ነው። ያለ እሱ እናትዎ ደብዳቤውን በጥፍር ቆፍረው ነው የሚያወጡት። ከታጠፈ በኋላ ይህን በንጽሕና መቁረጥ አይቻልም፤ እኔ ስንት ኪስ እንዳበላሸሁ አልነግርዎትም።

ኮላው ደግሞ ክፉ ሆኖ አይደለም የሸበሸበብዎት፤ በዛ ነው። ነጩ ኮላ ውስጡ ውኃ ነው፣ ውኃ ቃጫን ያሳብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል። የኪሱን ወረቀት ሙሉ በሙሉ መቀባት ምንም አያስፈልግም፤ የታችኛው ጎን እጥፋት ስለሆነ ተዘግቷል። የሚጣበቁት የእያንዳንዱ ኪስ ግራና ቀኝ ጎን ብቻ ናቸው፣ 4 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀጭን መስመር። ኮላውን ከጠርሙሱ በቀጥታ አያፍስሱ፤ ክዳን ላይ ጠብ አድርገው፣ በተቆረጠ የካርቶን ጫፍ እየነኩ ይቀቡ። እንዲያውም በጣትዎ ሲነኩት ሊደርቅ ሲል የሚይዝ እስኪሆን ጥቂት ይጠብቁና ከዚያ ይጫኑ። መስመሩ ከ4 ሚሊሜትር እንዳያልፍ ከጎኑ ቁራጭ ወረቀት አድርገው መሸፈን ይጠቅማል። በሁለቱም ገጹ የሚያጣብቅ ቀጭን ፕላስተር ካገኙ ውኃ ስለሌለው ከኮላ ይመረጣል፤ ሲለጥፉ ግን ማረም የለም፣ አንዴ ከያዘ ያዘ። ማስቲሽ ግን አደራ። ለጫማ ጥሩ ነው። ወረቀት ላይ በጊዜ ብዛት ቢጫ ሆኖ በሌላው ገጽ ይወጣል፣ ሽታውም ካርዱን የጫማ ሠሪ ደጅ ያስመስለዋል።

ሲጣበቅ ዘርግተው፣ ከላይና ከታች ንጹሕ ወረቀት አድርገው፣ ከባድ መጽሐፍ ጭነውበት ያሳድሩት። ዘግተው አያሳድሩት፤ የተረፈ ኮላ ካለ ኪስን ከኪስ ያጋባል።

የደብዳቤዎቹ ልክ 84 በ130 ሚሊሜትር ይሁን። ከሙጫው መስመር የሚተርፈው የኪስ ስፋት በጠባቡ ኪስ 87.5 ስለሆነ 84ቱ ሳይንገዳገድም ሳይጣበቅም ይገባል። ቁመቱ 130 ሲሆን 60ው ኪስ ውስጥ ይገባል፣ 70ው ውጭ ይታያል፣ ከካርዱ አናት 20 ሚሊሜትር ዝቅ ይላል። የሚታየው 70 ላይ ስም ወይም ትንሽ ሥዕል፣ የተደበቀው ላይ የልብ ነገር። ለእኅትዎ ግን ልኩን በሚሊሜትር ይላኩላቸው፤ «ኤ4ን ለአራት አጥፈሽ ቁረጪ» አይበሉ። አሜሪካ ያለው ተራ ወረቀት 216 በ279 ነው፣ ከእኛው ይሰፋል፣ ያጥራል፤ በማጠፍ የተከፈለ ነገር አይገጥምም። እሳቸው ብዙ የሚጽፉ ከሆነ በስስ ወረቀት 84 በ260 ቆርጠው አንድ ጊዜ ቢያጥፉት እዚያው ኪስ ውስጥ ይገባል።

ከሌላ አንድ የ210 በ297 ሉህ አራት ደብዳቤ ይወጣል፤ ሁለት 84 በወርዱ፣ ሁለት 130 በቁመቱ። አንዱ ለተበላሸ መተኪያ ነው። ከጎን 42 ሚሊሜትር ወርድ ያለው ረጅም ቁራጭ ይተርፋል፤ እሱን አይጣሉት። ካርዱ ከታች ዘጠኝ ድርብ፣ ከላይ ግን ስድስት ብቻ ስለሆነ ምንጊዜም አናቱን ገርበብ ማድረግ ይወድዳል። ከዚያ ቁራጭ 30 በ220 የሆነ መቀነት ቆርጠው ካርዱን ወገቡ ላይ ይጠቅልሉት፤ ዙሪያው 202 ገደማ ነው፣ የቀረው ለመደራረቢያ። የመቀነቱን ጫፎች እርስ በርሳቸው እንጂ ከካርዱ ጋር አያጣብቁ፤ ወደ ላይ ተስቦ መውጣት አለበት። ማዕዘኖቹን በስርጉድ መስመር አያጥፉ፣ በካርዱ ላይ እያዞሩ ብቻ ቅርጹን ያስይዙት።

ስለ ማስጌጥ ብዙ አልልም። ሁለት ገጹ ሁለት ቀለም የሆነ ወረቀት ቢያገኙ ኪሱ ታጥፎ ስለሚመጣ በራሱ ሌላ ቀለም ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ጌጥ ባይጨመር ደስ ይለኛል። የሚያብለጨልጭ ዱቄት በደብዳቤው ላይ ይዘራል፣ ከዚያ በእናትዎ ነጠላ ላይ። የደረቀ አበባ የሚለጥፉ ከሆነ በሽፋኑ ላይ እንጂ በኪሶቹ አካባቢ አይሁን፤ ውፍረቱ ያንን 2 ሚሊሜትር ጀርባ ያሸንፈዋል።

አንድ ነገር ቀረ፤ የሚጻፍ ሁሉ ከመጣበቁ በፊት ይጻፍ፣ ከተደረበ በኋላ ብዕሩ የኪሱ ጠርዝ ላይ ይዘላል። በተለይ እናትዎ ሽፋኑን ሲገልጡ በግራ የመጀመሪያውን ኪስ፣ በቀኝ ደግሞ ገና ያልተከፈተውን የሦስተኛውን ገጽ ጀርባ ያገኛሉ። ባዶ ሆኖ ቢቀር «ይኸው ነው?» ያሰኛል። በግራው ኪስ የእኅትዎን ደብዳቤ ያድርጉ፣ ከሩቅ የመጣ ይቅደም። በቀኙ ጀርባ ላይ የምትጽፉትን እናንተ ታውቃላችሁ፤ ብቻ ከቀኙ ጠርዝ 15 ሚሊሜትር ባዶ ይተዉ፣ ስርጉድ መስመሩ ያለው እዚያ ነውና ፊደል አይወጣበትም።